ክፍት ቦታ ብዬ የጻፍኩበት የሐይቅ ዳር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት ኢንጂነር ተሾመ እጄን ገልብጠው አዩት። የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ኃላፊ ነበሩ። «ያልብሻል?» አሉኝ። «ትንሽ» አልኳቸው። ከመሳቢያቸው የሕፃናት ፓውደር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ትሬሲንግ ወረቀት ላብ አይወድም። በየሰዓቱ ታጥበሽ ይህን ትቀቢያለሽ። ወረቀቱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ አንዱን ካበላሸሽ ስድስት ወር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን» አሉኝ። ማዕረጌ ጀማሪ ነዳፊ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ ብርቄ እያሉ ይጠሩኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ አንዲት ከተማ ስነድፍ ኖርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ትንሽ ናት፤ ሐይቅ ዳር ናት፤ ያደገባት ሰው ጥቂት መስመር ካነበበ ያውቃታል። ይህን የምጽፈው ዛሬ በዚያው ክፍል ለሚሠሩ ልጆች ነው። የሥራዬን ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጆሐንስበርግ ላይ፣ በልጄ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ትንሽ ይዞራል። ታገሡኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቀያሾቹ ማዕዘን መለኪያውን ቲኦዶላይትና ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ተሸክመው ጠዋት ይወጣሉ፤ ሲመለሱ የመስክ ደብተራቸውን ለእኛ ያስረክባሉ። እኔ ቁጥሩን ወደ መስመር እለውጣለሁ። የቀለም ብዕሮቻችን ሦስት ነበሩ፤ ቀጭኑ ለግቢ ወሰን፣ መካከለኛው ለመንገድ፣ ወፍራሙ ለከተማው ክልል። ቀጭኑ ከደፈነ ግማሽ ቀን በመርፌ ስትጎረጉሩት ትውላላችሁ። እናንተ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ የምታጠፉትን መስመር እኛ በምላጭ ፍቀን ነበር የምናጠፋው። ወረቀቱ ከተበሳማ በቃ፣ ያን ቀን ምሳ አይበላም።

የሁላችንም ዋና ሥራ የሃያ ዓመቱ ፕላን ነበር፤ ማስተር ፕላን እንለዋለን። ከተማዋ ከሃያ ዓመት በኋላ የት ትደርሳለች፣ ገበያው ወዴት ይሄዳል፣ መናኸሪያው የት ይሆናል፣ መቃብሩ ሲሞላ ወዴት ይሰፋል፤ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ መወሰን ነው። መኖሪያ ቢጫ ይቀባል፣ ንግድ ቀይ፣ ዛፍ ያለበት አረንጓዴ፣ ሐይቁ ሰማያዊ። ቀለሙን የምቀባው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰፈር ቢጫ ስቀባ ሰዎቹ ወዲያው መጥተው የሚገቡበት ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ማስተር ፕላን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢንጂነር ተሾመ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። በሐይቁ ሰማያዊና በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ቢጫ መካከል አንድ ነጭ ቀበቶ ቀርቶ ነበር። ቀያሾቹ የሐይቁን ዳር የለኩት በበጋ ነው፤ ያውም ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት። ውሃው ሸሽቶ ከኋላው ሣር የበቀለበት ሜዳ ትቶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም ጌታዬ። በመስክ ደብተሩ ላይ ምንም አልተጻፈም።»

«ነጭ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም። የሆነ ነገር ጻፊበት።»

የፊደል ማስመሪያዬን አነሣሁና «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ያደግኩት በከተማዋ ሌላ ጫፍ ነው፤ ያንን ሜዳ ረግጬው አላውቅም። ነዳፊ ቢሮ ይውላል፣ መስክ የወንዶች ነው ይባል ነበር። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብለው አዩና «ፊደልሽ እንዴት ያምራል!» አሉኝ። ያን ቀን መሬት ሳልረግጥ ቤቴ ገባሁ ብል አልዋሸሁም።

ፕላኑ አስተያየት እንዲሰጥበት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንደ ጠቀለለ መጣ። ጣቱን በትክክል እኔ በጻፍኩት ላይ አሳረፈ። «ይሄ ክፍት አይደለም። የሐይቁ ነው። አሁን ሄዷል እንጂ ይመለሳል። እኔ እዚህ ጀልባ አስሬበታለሁ» አለ። ኢንጂነር ተሾመ «እንግዲያው ሐይቁ ሲመለስ ማመልከቻ ይዞ ይምጣ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ሁላችንንም በየተራ አየና ወጣ።

ኢንጂነር ተሾመን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ብዕር አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በኋላም ከጀማሪ ነዳፊነት እስከ ከፍተኛ ነዳፊነት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ያ ጽሑፍ ከፕላን ወደ ፕላን ተገለበጠ። ሁለተኛው ሲዘጋጅ ራሴ ገለበጥኩት። ኮምፒውተር ሲመጣ ልጆቹ አስገቡት። ማንም ሰው ማን እንደ ጻፈውና ለምን እንደ ተጻፈ አልጠየቀም፤ እኔም ረሳሁት።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ልጄ ያዕቆብ «ነይና እዪኝ» አለኝ። ጆሐንስበርግ አጠገብ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ አለው። እኛ አገር ሱቅ የምንለው ነው፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ። ለሁለት ወር ነበር የሄድኩት። ስድስት ሳምንት እንደ ሞላኝ ኮሮና መጣና አየር ማረፊያው ተዘጋ። ሎክዳውን አሉት። ከቤት መውጣት በፐርሚት፣ በፈቃድ ወረቀት ሆነ፤ የያዕቆብ ስፓዛ ምግብ ስለሚሸጥ ፐርሚት ተሰጠው። እኔም ከሱቁ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ተቀመጥኩ።

እንዴት ያለ ሕዝብ መሰላችሁ! ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ወዲያ ማዶ ሆነው «ሳውቦና ጎጎ» ይሉኛል። ሰላም ነሽ ወይ አያቴ ማለት ነው። ሰልፉ ሲበዛ ፖሊስ መጥቶ ያዕቆብን ተቆጣው፤ ተራርቀው ካልቆሙ ሱቁን እዘጋለሁ አለ። «ቆይ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» አልኩና ሜትርና ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ነጥብ በነጥብ ለክቼ መቆሚያ ክብ ሠራሁ። በማግስቱ ፖሊሱ አየና ይህን ቀጥ ያለ መስመር ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ያዕቆብ «እናቴ ከተማ ትነድፍ ነበር» አለው። ልጄ ስለ ሥራዬ እንዲያ ኮርቶ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

አንድ ቀን ከሰዓት ከአገር ቤት ተደወለልኝ። ሚልኪያስ ነው፤ እኔ በነበርኩበት ክፍል አሁን የፕላን ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ ወጣት።

«እትዬ ብርቄ፣ አዲሱን የሃያ ዓመት ፕላን እያዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው ቅየሳ የመስክ ደብተር ጠፍቶብናል። የት ይሆን?»

«ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። ምን ፈልገህ ነው?»

«ሐይቁ እየሞላ ነው። የሣሩ ሜዳ ረጥቧል። ድሮ ውሃው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለንም። እርስዎ በነደፉት ፕላን ላይ ክፍት ቦታ ስለሚል ለቤት ሠሪ ማኅበር ተመርቷል። ቢጫ ሆኗል።»

ረቂቁን በስልክ ላከልኝ። ከፍቼ አየሁት። ቢጫው በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈርና በውሃው መካከል ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ የግቢዎች መስመር ተሰምሯል። ከቢጫው ሥር ክፍት ቦታ የሚለውን ጽሑፌን ባየሁ ጊዜ የዚያ አዳራሽ ሳቅ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። ብቻዬን ተቀምጬ አፈርኩ።

ያዕቆብ እቃ እየደረደረ ነበር። «ና እስኪ ይህን ጉድ እይ» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። አየው። በሁለት ጣቱ ምስሉን አሰፋውና ቀና አለ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የእኛ ማኅበር ነው።»

አገር ቤት፣ ሐይቅ ዳር ቤት ሊሠራ እንደ ተመዘገበ ነግሮኝ ነበር። ቦታው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ለእኔ አንድ ክፍል አስቦልኛል፤ መስኮቱ ወደ ውሃው የሆነ። ዕጣ ደርሶት የግቢ ቁጥሩን ይዟል። ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ፤ ከሜዳው መሐል ነው።

«ያ ቦታ የሐይቁ ነው ያዕቆብ። ስሙን በስሕተት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ጡረተኛ ነሽ። አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። አላስታውስም ብትዪ ማን ይፈርድብሻል?» ድምፁ ከፍ አለ። «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ብረት ውስጥ የቆምኩት ለዚያ ቤት ነው እኮ! ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ተደቅኖብኛል። አንድም ቀን ወደ አገሬ ልመለስ ሳልል የቆምኩት ለዚያ ነው!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን። የልጅ ነገር እኮ ነው። ውሃው ላይመለስም ይችላል፣ ቢመለስም እኔ አልኖርም ብዬ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ያዕቆብም ምግብ ያቀርብልኛል፣ «ብዪ» ይለኛል፣ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን አነሣሁና ወደ ሚልኪያስ ደወልኩ። አላስታውስም ልለው ነበር። «አቤት እትዬ» ሲለኝ ግን አፌ ሌላ ተናገረ። «በመጀመሪያው ፕላን ጊዜ ወደ አዳራሹ መጥቶ የተቃወመ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በሕይወት ካለ ፈልገህ አግኝልኝ» አልኩት።

ሚልኪያስ ሳምንት ሳይሞላው መልሶ ደወለ። «አገኘኋቸው፤ ጋሽ ዱካሞ ይባላሉ። እዚህ ግን የሉም። ሴት ልጃቸው ከአገር ወስዳቸዋለች።»

«ወዴት?»

«እርስዎ ወዳሉበት። ዱርንፎንቴን የሚባል ቦታ ነው አሉኝ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ዱርንፎንቴን ያዕቆብ እቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ ሲወጣ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ጌታ ሆይ፣ ሰውየውን እስከ ደጄ አምጥተህልኛል አልኩ። ዛሬም ድረስ አመሰግናለሁ።

ከዘይት ካርቶን አንዱን ገነጠልኩና ውስጠኛውን ነጭ ገጽ ዘረጋሁ። ማስመሪያ ከያዕቆብ መደርደሪያ ወሰድኩ፤ እርሳስም እዚያው ይሸጣል። ከተማዋን በቃሌ ነደፍኳት። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን ነገሮች አስቀመጥኩ፤ ትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የድሮውን መናኸሪያ፣ ዋናውን መንገድ። ሐይቁን ግን አልነደፍኩም። የሐይቁን ዳር አስቀድሜ ካሰመርኩ ሽማግሌው በእኔ መስመር ይመራሉ። የሚጠየቅ ሰው ፊት መልሱ የተሰመረበት ካርታ አይቀርብም፤ ይህን ያዙልኝ።

ያዕቆብ ካርቶኑን ሲያይ ቆይቶ በማግስቱ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ከኋላዋ ክፍት የሆነች የእቃ መኪና አለችው፤ እነሱ ባኪ ይሏታል። ገደቡ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር። «እቃ ላመጣ ነው። ዱርንፎንቴን መንገዴ ላይ ነው» አለኝ። ጭምብሌን አጥልቄ ገባሁ።

ጋሽ ዱካሞ ከሕንፃው መግቢያ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ልጃቸው እንዳንጠጋ በእጇ ምልክት ሰጠችን፤ እኔና ያዕቆብ ራቅ ብለን ቆምን። ጆሯቸው ስለ ደከመ መንገደኛው ሁሉ እየሰማን ነበር የምንጮኸው።

«ከማዘጋጃ ቤት ነኝ ጋሼ! ፕላን ክፍል!»

ትኩር ብለው አዩኝ። ጭምብሌን ለአፍታ ዝቅ አደረግኩ።

«ያቺ ልጅ ነሽ» አሉ። «ጥግ ላይ የቆምሽው። ስቀሽብኛል።»

«አዎ ጋሼ። ስቄብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁሉም ሳቀ» አሉና «ሐይቁ ተመለሰ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እየተመለሰ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ በዚያ ዘመን ሳል ሲሰማ ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ ታውቃላችሁ። አላፊ አግዳሚው መንገድ ቀየረ። እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ «ማመልከቻውን ይዟል ወይ በይው» አሉ። እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ ሳቅን፤ ያዕቆብ ፊቱን አዙሮ ቆየ።

ልጃቸውን አስፈቅደን ካርቶኑን በለስላሳ ሳጥን ላይ ዘርግተን አቀረብንላቸው። ልጃቸው አንድ እፍኝ ቆርኪ ሰጠቻቸው። «እዚህ ትምህርት ቤቱ ነው» አልኳቸው። «የደወሉ ግራር አለ?» አሉ። «አለ» አልኳቸው፤ የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል የተሰቀለበት ግራር ነው፤ ዛሬም ቆሟል። «ከግራሩ ቁልቁል ስትወርጂ ዓለቱ ጋ ጀልባዬን አስራለሁ» ብለው አንዱን ቆርኪ አኖሩ። «ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት እዚህ ነው። ጉማሬው የሚወጣው እዚህ፤ ሁለት ጎመን እርሻ አጥፍቷል።» ስድስት ቆርኪ አኖሩ። አንድ ላይ ሲታዩ መስመር ሠሩ። የሣሩ ሜዳ በሙሉ ከመስመሩ በታች ቀረ።

ያዕቆብ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አየ። ከዚያ የራሱን ጣት ከቆርኪዎቹ በታች፣ ወደ ውሃው በኩል አኖረ። የግቢ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ጥልቀቱ ምን ያህል ነበር?»

ሽማግሌው ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይናቸው ለኩት። «ለአንተ? እስከ ደረት» አሉት።

ያዕቆብ ቀና አለና ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ስንመለስ ቶኮዛ ልንገባ ስንል «ለእኔ ብቻ አይደለም የደረሰው፤ እዚያ ላይ ልጆች ይዘው የሚገቡ ሰዎች አሉ» አለ። «አዎ» አልኩት።

የአንድ ሰው ቃል አይበቃም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ወደ አንድ ቦታ ካመለከቱ ነው ነጥቡ የሚጸናው። ጆሐንስበርግ መሐል፣ ሂልብሮው ውስጥ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ልጅ የሆነች ሴት አገኘንና በስልክ ጠየቅኳት። ስለ ጋሽ ዱካሞ አልነገርኳትም። «እናትሽ ልብስ የምታጥበው የት ነበር?» ብቻ አልኳት። «ከደወሉ ግራር በታች፣ ዓለቱ አጠገብ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ ሰለቸኋት መሰለኝ «ኧረ እትዬ፣ እዚያው ነው አልኩ እኮ!» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ሳምኩት።

የካርቶኑን ፎቶ ለሚልኪያስ ላክሁለት። እሱም ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሄዶ በስድስቱ ቆርኪዎች ቦታ፣ ከመስመሩ ላይና ታች ጉድጓድ ቆፈረ። ከመስመሩ በላይ ቀይ አፈር ነው። ከመስመሩ በታች፣ አንድ ክንድ ሳይወርዱ፣ ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሞላበት አሸዋ ወጣ። ቀንድ አውጣው የውሃ ነው፤ በደረቅ መሬት አይኖርም። ሚልኪያስ እፍኝ ሙሉ ቅርፊት ይዞ የተነሣውን ፎቶ ላከልኝ። ፈገግታው ጭምብሉን አልፎ ይታይ ነበር።

የፕላኑ ውይይት በዙም ተደረገ። እኔ ከሱቁ ውስጥ፣ ስልኬን በሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፌ ገባሁ። የአገር ልብሴን ለብሼ ነበር፤ ለሥራ ጉዳይ ሁልጊዜ ተዘጋጅቼ ነው የምቀርበው። ሚልኪያስ ስለ ቁፋሮው ተናገረ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። «ክፍት ቦታ የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦታውን ሳላይ ነው የጻፍኩት። አንድ ሰው መጥቶ ሐይቁ ይመለሳል ሲል ከሳቁት አንዷም እኔ ነኝ። ስሕተቱ የእኔ ስለሆነ ይታረም» አልኩ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ተቆጣ። «እትዬ፣ በሰው አገር ተቀምጠው የስንቱን ሰው ቤት ያፈርሳሉ?» አለኝ።

«ያልተሠራ ቤት አይፈርስም ልጄ» አልኩት።

«ለእርስዎ ምን ይቀርብዎታል? የሚጎዳው ዘጠኝ አሥር ዓመት የለፋው አባል ነው!»

ለዚህ መልስ ልሰጠው አልፈለግኩም። የልጄን ጉዳይ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አላወራም። ዝም ስል ያሸነፈኝ መሰለው። ይህን ጊዜ ያዕቆብ ደንበኛ እያስተናገደ ከነበረበት መጥቶ ከጀርባዬ ጎንበስ አለ፤ ዳቦ በእጁ ይዟል።

«ያዕቆብ እባላለሁ፤ የማኅበሩ አባል ነኝ» አለ። የግቢ ቁጥሩን ተናገረ። «የምትናገረው እናቴ ናት። እኔ ዝም በይ ብያት ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ቦታው ላይ ጀልባ ያሰሩ ሰው አግኝቼ ጠይቄያለሁ። እኔ ውሃ ውስጥ ቤት አልሠራም፤ ሌላውም እንዲሠራ አልፈልግም። ምትክ ቦታ ይሰጠን።»

ይህን ብሎ ዳቦውን ይዞ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ካሜራው ክፍት መሆኑን ረስቼ በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። አገር ምድሩ አየኝ፤ ይየኝ።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ ወጣ። ማኅበሩ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ዳገት ተዛወረ። የሣሩ ሜዳ ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀባና «የሐይቅ መመለሻ» ተባለ። ሚልኪያስ በካርታው ግርጌ «በአቶ ዱካሞ ምስክርነትና በቁፋሮ የተረጋገጠ» ብሎ ጻፈ። ለጋሽ ዱካሞ በስልክ አነበብኩላቸው። «ስሜን ካርታ ላይ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። አባላቱ ግን ሁሉም አልተደሰቱም፤ እስከ ዛሬ የማያናግሩኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዳገቱ አቧራ ነው፣ ውሃም በቧንቧ ገና አልወጣለትም።

አየር ማረፊያው ሲከፈት ወደ አገሬ ተመለስኩ። ያዕቆብ እዚያው ቀረ፤ ገና ጥቂት ዓመት ይቆያል። የቤቱን መሠረት ሲቆፍሩ ሄጄ ችካሎቹን ራሴ ለካሁ፤ አንዱ በአንድ ክንድ ተዛብቶ ነበርና አስተካከልኩት። ዘንድሮ ክረምት ውሃው ከሣሩ ሜዳ ግማሹን ወስዷል። የእሱ የድሮ ግቢ ያለበትን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ውሃ ላይ ሁለት ዳክዬ ነበሩበት።

ባለፈው እሑድ ደወለልኝ።

«እማዬ፣ ከአዲሱ ቤት መስኮት ሐይቁ ይታያል?»

ልዋሸው ቃጣኝ። «አይታይም። ጤና ጣቢያው ይጋርደዋል» አልኩት።

«በእግር ምን ያህል ነው?»

«ለአንተ ሃያ ደቂቃ። ለእኔ ሠላሳ አምስት።»

«ጥሩ ነው» አለኝ። «በአንቺ እርምጃ እንሄዳለን።»

ለክፍሉ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ያልረገጣችሁትን ቦታ ስም አትጻፉለት። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ወንበር ሰጥታችሁ የሚናገረውን ጻፉ። ተሳስታችሁ ከሆነ ራሳችሁ አርሙት፤ እርማቱ በራሳችሁ ቤት ላይ ቢያርፍም።